ኢስታንቡልንና ቀጰዶቅያን ፎቶ ለማንሳት፦ ከሻንጣ እስከ ቴሌግራም

ከማውቃቸው ሰዎች አንዱ ወደ ኢስታንቡል ሊሄድ ቪዛ ያገኘ ዕለት ስልኬ ይጮኻል። አንዱ ለልብስ ንግድ ወደ ላለሊ ሠፈር የሚመላለስ ነው፣ ሌላዋ ወደ አውሮፓ ስታልፍ ሁለት ሌሊት የምታድር ናት። ጥያቄያቸው ግን አይለያይም፦ «ጥሩ ፎቶ ማንሳት ፈልጌ ነበር፤ የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» በድምፅ መልእክት እየደጋገምኩ ከምመልስ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብያለሁ።

ካሜራ አይግዙ። ደህና ስልክ ካለዎት ይበቃል። በኢስታንቡል ፎቶ የሚበላሽብን አብዛኛውን ጊዜ በቀትር ፀሐይ፣ ከቱሪስት ጋር ተጋፍተን ስለምናነሳ ነው። ፀሐይ በስንት ሰዓት የት ጋ እንደምትሆን አውቀው ቀድመው ከተገኙ ግማሹ ሥራ አልቋል። ካሜራ ያለው ሰው ደግሞ ቁጥሮቹን ከየደረጃው ሥር ያገኛል።

ከታች ያሉት ሰዓቶች ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ስልክ ወይም ካሜራ። ካሜራ ከሆነ ከ24 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚጀምር ሰፊ ሌንስና እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚያቀርብ ሌላ ሌንስ በቂ ናቸው። ሦስተኛ ሌንስ ከያዙ ዳገት ላይ ይረግሙታል፤ ኢስታንቡል ከተማዋ ዳገት ናት።
- ትርፍ ባትሪና ፓወር ባንክ። ሁለቱም የሚገቡት በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። በጭነት ክፍል ውስጥ ሊትየም ባትሪ ቢቀጣጠል የሚያጠፋው ሰው ስለሌለ፣ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ያስወጡታል። እስከ 100 ዋት ሰዓት ድረስ የአየር መንገድ ፈቃድ አያስፈልግም፤ 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚለው የተለመደው ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት አካባቢ ነው።
- ትንሽ ትራይፖድ። በእጅ የሚያዝ፣ ሲታጠፍ ከክንድ የማይረዝም ይሁን።
- ሁለት ሚሞሪ ካርድ። አንድ ትልቅ ከመያዝ ሁለት መካከለኛ ይሻላል፤ አንዱ ቢበላሽ ሁሉም አይጠፋም።
- ለስላሳ ጨርቅ። የመነጽር መጥረጊያ ይሆናል።
- የሚዘጋ የፕላስቲክ ከረጢት። ለምን እንደሆነ ቀጰዶቅያ (በመካከለኛው ቱርክ ያለው የዓለትና የሸለቆ አካባቢ) ስንደርስ እነግርዎታለሁ።
- ነጠላ ወይም ሻርፕ። ለሴቶች መስጊድ ሲገቡ ፀጉር መሸፈኛ ይሆናል፣ ለሁሉም ደግሞ ጀልባ ላይ ከነፋስ ያድናል።
- ጓንትና ወፍራም ጃኬት፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ የሚሄዱ ከሆነ።
- ቻርጀር። የቱርክ ሶኬት እንደ እኛው ባለ ሁለት ክብ ቀዳዳ፣ ከ220 እስከ 230 ቮልት ነው፤ ከአገር ቤት የያዙት ያለ ምንም ነገር ይሠራል። ከዱባይ የተገዛው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ግን ያለ ማቀያየሪያ አይገባም።

ድሮን ከዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ቱርክ ውስጥ 500 ግራምና ከዚያ በላይ የሚመዝን ድሮን መመዝገብ አለበት፤ ቀጰዶቅያ ውስጥ ሰው ጭነው የሚነሱት ትልልቅ የሞቀ አየር ፊኛዎች በሚበሩበት አካባቢ ማብረር ሰው መግደል ሊሆን ይችላል። ለእኛ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት ቦሌ አለ፦ ድሮን ያለ ፈቃድ ይዞ ወደ አገር መግባት አይቻልም፣ ይወረሳል።

ከመሄድዎ በፊት

1. ሰዓቱን ይለማመዱ።
ቱርክ ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሰዓት መቀያየር ትታለች፤ ዓመቱን ሙሉ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ሰዓት ነው። ስልክዎ ላይ የሚቀየር ነገር የለም። ሰውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። እኛ አገር ፀሐይ ክረምት ከበጋ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ትወጣለች፤ ማንም አያሰላም። ኢስታንቡል ግን ወደ ሰሜን በጣም ስለምትርቅ ልዩነቱ ሰፊ ነው፦

በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ የምትወጣው ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የምትጠልቀው ምሽት 2 ሰዓት ከ40 ገደማ ነው።
በታኅሣሥ አጋማሽ የምትወጣው ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የምትጠልቀው 11 ሰዓት ከ35 ገደማ ነው።

ስለዚህ በሰኔ የሄደ ሰው ለጠዋቱ ብርሃን ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል መነሳት አለበት፤ በታኅሣሥ የሄደ ሰው ቁርሱን በልቶ ይደርስበታል። እንቅልፍ የሚወዱ ከሆነ በክረምታቸው፣ ማለትም በታኅሣሥ አካባቢ፣ ይሂዱ። ቀጰዶቅያ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ስለምትርቅ፣ እንደ ወቅቱ ከኢስታንቡል ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት ቀድማ ይነጋባታል።

አንድ ነገር ጨምረው ይያዙ። ፀሐይ እኛ ጋ ቀጥ ብላ ትወድቃለች፤ ከጠለቀች ከሃያ ደቂቃ በኋላ ጨለማ ነው። እዚያ ግን ሰያፍ ስለምትወርድ ወርቃማው ብርሃንም ሆነ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው ሰማያዊ ብርሃን ረዘም ብሎ ይቆያል። ፀሐይ ገባች ብለው ዕቃዎን አይሰብስቡ።

2. ቲኬት ላይ ያለውን ሰዓት ወደ እኛ ሰዓት ቀይረው በወረቀት ይጻፉ።
ወደ ፊኛው የሚወስድዎት የቱርክ ሾፌር 4:30 ብሎ መልእክት ቢልክ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ማለቱ ነው። እኔ «ረፋድ አራት ተኩል» ብዬ አንብቤ ተኛሁ። ስነቃ ፊኛዎቹ አርፈው ነበር፤ ከተሳፋሪዎቹ ግማሾቹን ቁርስ ላይ አገኘኋቸው። የከፈልኩት ገንዘብም አልተመለሰልኝም።

3. አቅጣጫውን በካርታ ያጥኑ።
የፀሐይን አቅጣጫ በካርታ ላይ የሚያሳዩ መተግበሪያዎች አሉ፤ ባይኖርዎትም ተራ ካርታና ትንሽ ማሰብ ይበቃል። በክረምታቸው ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ ደቡብ ምዕራብ ሸሽታ ነው፣ በበጋቸው ደግሞ ወደ ሰሜን ምዕራብ።

ይህ ምን ያመጣል? የጋላታን ድልድይ ይውሰዱ። ከድልድዩ ላይ ሆነው የሱለይማኒዬን መስጊድ ሲያዩ ፊትዎ ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው። በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ፀሐይዋ ከጉልላቱና ከሚናሬቶቹ ጀርባ ትወርዳለች፤ ጥቂት እርምጃ ወደ ኤሚኖኑ ወይም ወደ ካራኮይ (የድልድዩ ሁለት ጫፎች) በመሄድ በትክክል ከኋላው ሊያስገቧት ይችላሉ። በሰኔ ያንኑ ፎቶ ፈልጎ የቆመ ሰው ፀሐይዋ በስተቀኝ ርቃ በሃሊች (ድልድዩ የተዘረጋበት የባሕር ክንድ) ውኃ በኩል ስትጠልቅ ያያል። ያም ያምራል፣ የጠበቀው ግን አይደለም።

4. መሣሪያዎን ቤት ውስጥ ያስተካክሉ።
ስልክ ላይ፦ ካሜራው ስክሪን ላይ የሚያሳያቸውን ቀጥ ያሉ መስመሮች (ግሪድ) ያብሩ። አድማስ የሚጣመመው እነሱ ሳይኖሩ ነው፤ ባሕር ያለበት ፎቶ ላይ ደግሞ ትንሽ መጣመም እንኳ ውኃው የሚፈስ ያስመስላል። ቦታ ያስለቅቁ፤ ቢያንስ 20 ጊጋ ባይት ባዶ ይሁን። ጣትዎን ስክሪኑ ላይ ጫን አድርጎ ይዞ ፎከሱንና ብርሃኑን መቆለፍ፣ ከዚያም ወደ ታች በመጎተት ማጨለም ይለማመዱ። ይህችን አንዲት ነገር ብቻ የቻለ ሰው የጀንበር ፎቶው ከሌላው ይለያል። ስልክ በራሱ ሲወስን ጨለማውን ለማሳየት ብሎ ሰማዩን ነጭ ያደርገዋል፤ ነጭ የሆነ ሰማይ ደግሞ በኋላ በምንም አይመለስም። የጨለመውን ግን ቀስ ብሎ ማብራት ይቻላል።

ካሜራ ላይ፦ በሮው (ጥሬ፣ RAW) ፎርማት ያንሱ፣ ሰዓቱን ያስተካክሉ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) የሚቀየርበትን ቁልፍ ጣትዎ ሳያይ እንዲያገኘው ይለማመዱ።

5. ቦሌ ላይ ካሜራዎን ያስመዝግቡ።
ውድ ካሜራ ወይም ሌንስ ይዘው የሚወጡ ከሆነ ሲወጡ ጉምሩክ ዘንድ ያሳውቁ፣ የመለያ ቁጥሩንና የግዢ ደረሰኙን ፎቶ አንስተው ይያዙ። ይህን ያላደረገ ሰው ሲመለስ «ከውጭ የገዛኸው ነው» ሲባል የሚያሳየው ማስረጃ አይኖረውም። ስልክ ብቻ ከሆነ የያዙት ይህን ደረጃ ይለፉት።

ኢስታንቡል ውስጥ

6. የመጀመሪያውን ጠዋት ለሱልጣን አህመት ሠፈር ይስጡ።
አያ ሶፊያና ሰማያዊው መስጊድ ፊት ለፊት ናቸው፣ መካከላቸው መናፈሻና ፏፏቴ አለ። ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት እዚያ ይገኙ። ያን ጊዜ ከድመቶችና ከጽዳት ሠራተኞች በቀር ማንም የለም፤ 4 ሰዓት ላይ ግን ባንዲራ የያዘ አስጎብኚ ያልገባበት ፍሬም አያገኙም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሚናሬቱ እንዲገባለት ስልኩን ወደ ላይ ቀና በማድረጉ ነው። ያን ጊዜ ሚናሬቶቹ ወደ ኋላ የሚወድቁ ይመስላሉ። መፍትሔው ወደ ኋላ መራቅ፣ ስልኩን ቀጥ አድርጎ መያዝና ከታች የተረፈውን መሬት በኋላ መቁረጥ ነው። ዝናብ ዘንቦ ከሆነ ደግሞ እድለኛ ነዎት፤ ስልክዎን ገልብጠው ሌንሱ ወደ መሬት እንዲቀርብ አድርገው ከኩሬው ጫፍ ላይ ያንሱ፣ ጉልላቱ ውኃው ውስጥ ይገባል።

7. መስጊድ ሲገቡ።
ሰማያዊው መስጊድ በሶላት ሰዓት ለጎብኚ ይዘጋል፤ ዓርብ ቀትር ላይ ረዘም ላለ ጊዜ። ጫማ ይወልቃል፣ ሴቶች ፀጉራቸውን ይሸፍናሉ። ፍላሽ ያጥፉ፤ ሰጋጁን ከመረበሹም ሌላ ያን የሚያህል ጉልላት አያበራም፣ ፊት ለፊት ያለውን አቧራ ብቻ ያበራል። ትራይፖድ አያውጡ። ስልክዎን ዓምድ ላይ ደገፍ አድርገው ትንፋሽዎን ይዘው ያንሱ። ካሜራ ከሆነ አይኤስኦ 1600፣ 1/60 ሰከንድ ይጀምሩ። የሚሰግድ ሰውን ፊት አያንሱ።

አያ ሶፊያ ለጎብኚዎች የተከፈተው ከ2024 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ወዲህ በክፍያ የላይኛው ሰገነት ነው፤ ሲጀመር 25 ዩሮ ነበር። ለፎቶ ብቻ ከሆነ የላዩ ጥሩ ነው፤ ከላይ ሆኖ ማየት ስፋቱን ያሳያል።

8. ጀልባ ይሳፈሩ፤ ሁለት ጊዜ።
ለቱሪስት የተዘጋጀ ሽርሽር መክፈል አያስፈልግም። ከወደቡ አጠገብ ካለው ማሽን ኢስታንቡልካርት ይግዙ፣ ገንዘብ ይሙሉበት፤ ትራሙም ሜትሮውም ጀልባውም በእሱ ነው። በአውሮፓ በኩል ካለው ከኤሚኖኑ በኤስያ በኩል ወዳለው ወደ ካዲኮይ 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፣ ከኤስያ ወደ አውሮፓ የሚሻገረው ሠራተኛ ሁሉ የሚሄድበት ጀልባ ነው።

የሚቀመጡበት ጎን ወሳኝ ነው። ከካዲኮይ ወደ ኤሚኖኑ ሲመለሱ አሮጌው ከተማ በግራዎ ይሆናል፦ ሰማያዊው መስጊድ፣ አያ ሶፊያ፣ ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ተራ በተራ ያልፋሉ። ሲሄዱ ደግሞ በቀኝዎ። ፀሐይ ከመጥለቋ ከግማሽ ሰዓት በፊት የሚነሳውን የመልስ ጀልባ ይያዙና በግራ በኩል ውጭ ባለው አግዳሚ ይቀመጡ። የከተማው ጥላ በብርቱካናማ ሰማይ ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ሰማዩን ተጭነው ይቆልፉ፣ ትንሽ ያጨልሙ።

ጀልባ ላይ ትራይፖድ ምንም አይጠቅምም፤ ወለሉ ራሱ ከሞተሩ ጋር ይንቀጠቀጣል። ክርንዎንም በጀልባው ጠርዝ ያለው የብረት መደገፊያ ላይ አያሳርፉ፣ ንዝረቱ ወደ እጅዎ ይተላለፋል። ክርንዎን ከጎንዎ አጣብቀው በእግርዎ ይቁሙ። ካሜራ ላይ ሸተሩ (ብርሃን የሚያስገባበት ፍጥነት) ከ1/500 ሰከንድ እንዳይወርድ።

የባሕር ወፎቹን ማንሳት ከፈለጉ ሲሚት (ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቀለበት ዳቦ) ይግዙ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሲሚቱን እየቆረሰ ይወረውርላቸዋል። አንድ ሰው ይወርውር፣ እርስዎ ያንሱ። ስልክ ላይ ቁልፉን ይዘው በተከታታይ ያንሱ፣ ካሜራ ላይ 1/1000 ሰከንድ። ከመቶ ፎቶ ሦስት ከወጣልዎ ጥሩ ነው። የእኔ የመጀመሪያው ጉዞ የወፍ ጅራት ብቻ ነበር።

9. ጀንበር ስትጠልቅ ሳላጃክ ይገኙ።
በኤስያ በኩል ኡስኩዳር ወደብ ወርደው በባሕሩ ዳር ወደ ደቡብ በእግር ይሂዱ። ክዝ ኩሌሲ (የልጃገረዷ ግንብ) ውኃው መካከል ቆማለች፣ ከጀርባዋ የአውሮፓው ዳርቻ አለ። ፀሐይ የምትጠልቀው በዚያ በኩል ነው። አንድ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ፤ ደረጃዎቹ ላይ ሻይ የሚጠጣው ሰው ብዙ ነው፣ ፊት ለፊት ቦታ የሚገኘው ቀድሞ ለደረሰ ነው። ዙም አያድርጉ፤ ስልኩ ባለ ሁለተኛ ሌንስ ከሆነ ወደ እሱ ይቀይሩ እንጂ በጣት እየሳቡ ማቅረብ ፎቶውን ከመቁረጥ በቀር የሚጨምረው ነገር የለም።

10. ሰማዩ ሰማያዊ ሲሆን ትራይፖዱን ያውጡ።
ፀሐይ ከጠለቀች ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ የከተማው መብራት በርቶ፣ ሰማዩ ገና ጥቁር ሳይሆን ይገኛል። የሌሊት ፎቶ የሚባለው ሁሉ ሊነሳ የሚገባው ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰማዩ እንደ ጥላሸት ሆኖ የሕንፃው ጠርዝ ይጠፋል።

ስልክ ላይ ናይት ሞድ አብርተው ትራይፖድ ላይ ያስቀምጡ፤ ስልኩ አለመነቃነቁን ሲያውቅ ረዘም ላለ ሰከንድ ያነሳል። ቁልፉን በጣት አይንኩ፣ ባለ 3 ሰከንድ ቆጣሪውን ያብሩ፤ ጣትዎ ሲነካው ይነቃነቃል። ካሜራ ላይ አይኤስኦ 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ (አፐርቸር) ኤፍ 8፣ ከ5 እስከ 15 ሰከንድ፣ ባለ 2 ሰከንድ ቆጣሪ።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን በጋላታ ድልድይ ላይ አይሞክሩት። በድልድዩ ላይ ትራም ያልፋል፤ ባለፈ ቁጥር ድልድዩ ይርዳል፣ እርስዎ ሳይታወቅዎ ፎቶው ይደበዝዛል። የግድ ከሆነ ትራሙ አልፎ ሲሄድ ጠብቀው አጠር ያለ ሰከንድ ይጠቀሙ፤ ካልሆነ ወደ ካራኮይ ወይም ወደ ኤሚኖኑ ዳርቻ ወርደው ከደረቅ መሬት ላይ ያንሱ። በዚያ ላይ ድልድዩ ላይ ዓሣ አጥማጆቹ ዘንጋቸውን ወደ ኋላ ሲወረውሩ መንጠቆው ከጭንቅላትዎ ጀርባ ነው የሚያልፈው።

11. ሰውን ሲያነሱ ይጠይቁ።
«ፎቶራፍ ቼኬቢሊር ሚዪም?» ይበሉ፣ ፎቶ ማንሳት እችላለሁ ወይ ማለት ነው። አነጋገርዎ ቢጣመምም ካሜራውን እያሳዩ ፈገግ ሲሉ ይገባቸዋል። ፈቃድ የሰጠ ሰው ትከሻውን ያላላል፣ የተሰረቀ ፎቶ ላይ ግን ፊቱ ተኮሳትሮ ይገኛል። ካነሱ በኋላ ያሳዩት፣ «ተሼኩርለር» ብለው ያመስግኑ።

ባላት ባለ ቀለም ቤቶቹ የታወቀ ሠፈር ነው፤ ሰው የሚኖርበት ቤት ስለሆነ በር ላይ ተደግፈው፣ ደረጃ ላይ ተቀምጠው አያንሱ። ትልቁ ባዛር እሑድ ዝግ ነው፣ ቶፕካፒ ማክሰኞ። ፖሊስ፣ ወታደርና የጦር ግቢ አይነሳም፤ «ያሳክ» የሚል ቃል ያለበት ምልክት ካዩ ክልክል ማለት ነው።

ቀጰዶቅያ

12. ሦስት ሌሊት ያስይዙ።
ከኢስታንቡል ወደ ካይሴሪ ወይም ወደ ኔቭሼሂር በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ነው። ካይሴሪ ቅዳሴው ላይ ስሙ የሚነሳው የባስልዮስ ቂሳርያ ናት፤ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይህን የሚነግርዎት ሰው አይኖርም። ማደሪያዎን ጎሬሜ ያድርጉት፣ ኮረብታዎቹ በእግር ይደረሳሉና።

ሦስት ሌሊት የምልበት ምክንያት ነፋስ ነው። ፊኛ እንዲበር ወይም እንዳይበር በየጠዋቱ የሚወስኑት የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣናት ናቸው፤ ነፋስ ካለ ሁሉም ይቀራል። አንድ ሌሊት ብቻ ያደረ ሰው ባዶ ሰማይ አይቶ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው፣ በተለይ በክረምታቸው። ለመብረር ከፈለጉ የፊኛ ቦታዎን ለመጀመሪያው ጠዋት ያስይዙ፤ ከቀረ ወደ ቀጣዩ ይተላለፋል።

13. ከምድር ሆነው ያንሱ።
ፊኛው ውስጥ ገብቶ መብረር ደስታው ሌላ ነው፤ ለፎቶ ግን ከምድር ይሻላል። ውስጥ ሲሆኑ የራስዎ ፊኛ አይታይም፣ ቅርጫቱ ውስጥም እንደ ልብ አይዞሩም። ፀሐይ ከመውጣቷ አንድ ሰዓት በፊት ከጎሬሜ በላይ ወዳለው ወደ አሺክላር ኮረብታ ይውጡ። መጀመሪያ ፊኛዎቹ መሬት ላይ ሲነፉ የእሳቱ ነበልባል ውስጣቸውን ያበራል፤ ገና ጨለማ ስለሆነ እንደ ፋኖስ ይመስላሉ። ነበልባሉ የሚበራው ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ አነጣጥረው ይጠብቁት። ካሜራ፦ አይኤስኦ 1600፣ 1/60 ሰከንድ። ከተነሱ በኋላ ቀስ ብለው ስለሚንሳፈፉ 1/250 ሰከንድ ይበቃል።

ፀሐይን ከጀርባዎ ካደረጉ የፊኛዎቹ ቀለም ይወጣል፤ ፊት ለፊት ካደረጓት ጥቁር ጥላ ይሆናሉ። ሁለቱንም ያንሱ። ፊኛ ብቻውን ሰማይ ላይ ግን ፎቶ አይሆንም፤ ከታች አንድ ነገር ያስገቡ፦ ሹል ድንጋይ፣ የወይን ማሳ፣ መንገድ። ዓይን ከቅርቡ ተነስቶ ወደ ሩቁ ሲሄድ ነው ሸለቆው ጥልቅ የሚመስለው። የጉዞ ጓደኛዎን አንድ ዓለት አጠገብ ያቁሙት፤ ያ ድንጋይ ቤት የሚያህል መሆኑ የሚታወቀው ሰው ሲኖር ነው።

14. ከሰዓት በኋላ ወደ ሸለቆ ይውረዱ።
ዓለቱ ከእሳተ ገሞራ አመድ የተሠራ ለስላሳ ድንጋይ ነው፣ ውኃና ነፋስ የቀረጹት። ሸንተረሩ የሚታየው ብርሃን ከጎን ሲመጣ ብቻ ነው፤ ቀትር ላይ ሁሉም ጠፍጣፋ ግራጫ ይሆናል። ፀሐይ ለመጥለቅ ሁለት ሰዓት ሲቀራት ክዝልቹኩር ሸለቆ ይገኙ፤ ዓለቱ ወደ ሮዝ፣ ከዚያ ወደ ቀይ ይለወጣል። ለመመለሻ የእጅ ባትሪ ይያዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ ያ ለስላሳ ድንጋይ ጠርዙ ላይ ይፈረፈራል። ስክሪን እያዩ ወደ ኋላ አይራመዱ። ጎሬሜ የክፍት አየር ሙዚየም ውስጥ ደግሞ የተቀረጹትን አብያተ ክርስቲያናት ከውጭ ማንሳት ይቻላል፣ ሥዕሎቹ ያሉበትን ውስጡን ግን ክልክል ነው።

15. ካሜራዎን ከብርድ ይጠብቁ።
ቦታው ከባሕር ወለል ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ በታኅሣሥና በጥር ከዜሮ በታች ይወርዳል። ብርድ ባትሪን በቶሎ ያደክማል፤ 60 በመቶ የሚለው ስልክ በድንገት ሊጠፋ ይችላል። ትርፉን ባትሪ ከውስጥ ኪስ፣ ከገላዎ አጠገብ ይያዙ። የሞተ የመሰለው ባትሪም ሲሞቅ የተወሰነ ያህል ይመለሳል፣ አይጣሉት።

አሁን ፕላስቲክ ከረጢቱ። ከብርድ ወደ ሞቀው ሆቴል ሲገቡ የክፍሉ እርጥበት በቀዘቀዘው ሌንስ ላይ ጤዛ ይሆናል፣ ውስጡም ሊገባ ይችላል። ውጭ ሳሉ ካሜራውን ከረጢቱ ውስጥ ከተው ይዝጉ፣ ክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ሳይከፍቱ ያቆዩት። ጤዛው ከረጢቱ ላይ ይቀራል። ሚሞሪ ካርዱን ግን ከመግባትዎ በፊት ያውጡት፤ አለበለዚያ ፎቶውን ለማየት ቸኩለው ከረጢቱን ይከፍቱታል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- *ሌንስ አለመጥረግ።* ኪስ ውስጥ የዋለ ስልክ ሌንሱ ላይ የጣት ቅባት አለ፤ መብራት ሁሉ ጭራ ያወጣል። ሌሊት በተነሳ ፎቶ ላይ መብራቱ እንደ ጭጋግ ከተበተነ ካሜራዎ አልተበላሸም፣ ጨርቁን ያውጡ።
- *ቀትር ላይ ማንሳት።* ከ5 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ይብሉ፣ ይተኙ፣ ባዛር ይግቡ። የግድ ካነሱ ጥላ ያለበት ጠባብ መንገድ ይፈልጉ።
- *ሁሉም ፎቶ ላይ ራስን መሃል ማቆም።* ከጀርባዎ ያለው መስጊድ ጭንቅላትዎ ላይ የበቀለ ይመስላል። ወደ አንድ ጎን ይቁሙ።
- *ደማቅ ማጣሪያ መጫን።* የቀጰዶቅያ ዓለት በራሱ ሮዝ ነው፤ ሲጨምሩበት ሽሮፕ ይሆናል።
- *ትኩረት ፎቶው ላይ ብቻ ሆኖ ኪስን መርሳት።* ትራይፖድ ሲያቆሙ የቦርሳዎን ማንገቻ በአንዱ እግሩ ያሳልፉት። ሌላ የታወቀ ማታለያም አለ፦ ጫማ ጠራጊ ከፊትዎ ብሩሹን «ይጥላል»፣ ሲያነሱለት በምስጋና ጫማዎን ይጠርግና ገንዘብ ይጠይቃል። ብሩሹን አይተው ይለፉት።

ፎቶውን ማስቀመጥና መላክ

16. በየማታው ይገልብጡ።
ሆቴል እንደደረሱ፣ እግርዎን ሳይታጠቡ በፊት፣ የዕለቱን ፎቶ ከካርዱ ወደ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ይገልብጡ፤ በሆቴሉ ዋይፋይ ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ መጫን ይጀምርና እርስዎ ይተኙ። ካርዱንና ላፕቶፑን በአንድ ቦርሳ አይያዙ፤ ቦርሳው ከጠፋ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። ቤት ገብተው ፎቶዎቹ መከፈታቸውን እስኪያረጋግጡ ድረስ ካርዱን አያጥፉ። የካሜራው ትንሽ ስክሪን ላይ አይተው «ይሄ አይረባም» ብለው እየሰረዙም አይሂዱ፤ በትልቅ ስክሪን ሲታይ የሚረባ ብዙ ነው።

17. ሲልኩ እንደ ፋይል ይላኩ።
ከተመለሱ በኋላ ዘመድ ሁሉ «በቴሌግራም ላክልኝ» ይላል። በተለመደው መንገድ ሲልኩት ቴሌግራም ፎቶውን ያሳንሰዋል፤ በስልክ ደህና ይመስላል፣ አሳትመው ግድግዳ ላይ ሲሰቅሉት ግን ይደበዝዛል። የማያያዣውን ምልክት ነክተው «ፋይል» የሚለውን ይምረጡ፣ ከዚያ ፎቶውን። የስልክ ካርድ ለሚቆጥብ ዘመድ ግን ትንሹን ይላኩለት፤ አንዱ ሙሉ ፎቶ ብቻውን ብዙ ሜጋ ባይት ይበላበታል።